ለብቻዬ የተከደነ ሰሃን

እኔ ከሰው ጋር ካልበላሁ የበላሁ አይመስለኝም። በሽታ ነው ካላችሁኝም እሺ፣ በሽታ ነው። ማታ አየር ጤና የተከራየኋት አንዲት ክፍል ገብቼ፣ የትናንቱን ወጥ አሙቄ፣ ስልኬን ከውሃው ጆግ ላይ አስደግፌ የሰው ቀልድ እያየሁ ስጎርስ፣ እህሉ አፌ ውስጥ ይንከራተታል። አላገባሁም፣ አልወለድኩም። እናትና አባቴ አልፈዋል፤ አስኮ ያለው ወንድሜም እህት እንዳለችው ትዝ የሚለው በዓል ሲደርስ ነው። እንግዲህ ለብዙ ዓመታት ቤተሰቤ የምሳ ሰዓት ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ሹመት ሲሰጠኝ ምን እንደተወሰደብኝ እንዲገባችሁ ነው።

የምንሠራው ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ዝቅ ብሎ ባለ የቆርቆሮ አዳራሽ ውስጥ ነው። የተማሪ ዩኒፎርም እንሰፋለን። ፋሲካ አካባቢ ትዕዛዝ መግባት ይጀምራል፤ ነሐሴ ላይ ወገባችን እስኪቆረጥ እንሠራለን፤ መስከረም ሲጠባ ታክሲ ውስጥ ሆነን የሰፋነውን ለብሰው የሚሮጡ ልጆች ስናይ፣ "ያ ሸሚዝ የኔ ነው"፣ "ኧረ ሂጂ፣ ኮሌታውን አታይውም? የኔ ነው" እየተባባልን እንጣላለን። እያንዳንዳችን የተቆረጠ ጨርቅ ወስደን ሙሉ ሸሚዝ እንጨርሳለን። ድሮ ታዲያ ያለቀውን መሃል ላይ በተነጠፈው ሸራ ላይ መወርወር ነበር፤ የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ልጇ የታመመባት ካለች የፈጠነችው ትሸፍንላታለች፤ በሚቀጥለው ሳምንት ተራው የሌላዋ ነው። ማንም ተቀምጦ አላስተማረንም። ስንቀጠር እንደዚያ ሆኖ ነው የጠበቀን።

ስድስት ሰዓት ሲሆን የጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ይጠረግና ትልቁ ትሪ ይወጣል። ሁሉም ምሳ ዕቃውን እላዩ ላይ ይገለብጣል፤ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ የአንዷ መኮሮኒ፣ የአንዷ ከዝክር የተረፈ ወጥ። ምሳ ያላመጣ ሰው አይታወቅም፤ እንዲታወቅም አይፈለግም። ስብሰባ የሚባል ነገር ካለንም እሱ ነው። አሠሪያችን አስቁሞን የሆነ ነገር ተናግሮ "ተስማማችሁ?" ሲል ሁላችንም "እሺ" እንላለን። ያ እሺ ሰምተናል ማለት ነው፣ በቃ። ምን እንደምናደርግ የምንወስነው በማግስቱ ትሪው ላይ ነው፣ አፋችን ሙሉ ሆኖ፣ አንዳችን የሌላውን ቃል እየነጠቅን። እኔ ደግሞ እዚያ ላይ ምላሴ አያርፍም። ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ፣ የማን ሽሮ ጨው እንደበዛበት፣ ሁሉንም የማወራው እኔ ነበርኩ።

ከትሪው ሰዎች መሃል ሁለቱን ልንገራችሁ። አንዷ ሁላችንም እቴቴ የምንላቸው ትልቋ ናቸው። ስፌት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የተቀጠርኩ ዕለት መርፌ ጣቴን ወግቶኝ ከጠረጴዛው ራቅ ብዬ ስቀመጥ፣ "ነይ አንቺ፣ ብቻውን የሚበላ ብቻውን ይሞታል" ብለው በእጃቸው ያጎረሱኝ እሳቸው ናቸው። አሁን ዓይናቸው ሞራ ወርሶታል፤ እሳቸው ግን አያምኑም። "ይችን ክር አስገቢልኝ እስቲ፣ የዚህ ቤት መብራት ደክሟል" ይላሉ በጠራራ ፀሐይ። እኛም "አዎ እቴቴ፣ መብራቱ ነው" እንላለን። ኩሩ ናቸው። አንድ ጊዜ ጨርቅ ቆራጩ አዝኖላቸው "እርስዎ ይረፉ፣ እኛ እንሰፋልዎታለን" ቢላቸው ማሽናቸውን ሸፍነው ወጥተው ሄዱ፤ ሽማግሌ ልከን ነው የመለስናቸው። ቤት ደግሞ ከሟች ልጃቸው የቀረች የልጅ ልጅ ያሳድጋሉ። ከዚያ ማሽን ሌላ መተዳደሪያ የላቸውም።

ሌላዋ ጓደኛዬ ናት። የጎጃም ልጅ፣ እጇ ፈጣን፣ አፏ ከእጇ የባሰ። ማታ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቀድማ ትደርስና ቦታ ትይዝልኛለች፤ ሰው ሲያጉረመርም "እህቴ ናት፣ ምን አገባህ?" ትላለች። አየር ጤና እስክንደርስ ስንሳሳቅ ሾፌሩ በመስታወት ያየናል።

አሠሪያችን ክፉ ሰው አይደለም። ወጣት ነው፣ የተማረ ነው፣ የአባቱን ሥራ ተረክቦ ሊያሳድገው የሚለፋ። ባለፈው ዓመት የሆነ ሆቴል ውስጥ ስልጠና ወስዶ መጣ፤ ከዚያ በኋላ አፉ ላይ ሞቲቬሽንና ቲም ወርክ ብቻ ሆነ። "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" የሚል በቀለም የተጻፈ ባነር ግድግዳው ላይ ሰቀለ። ጓደኛዬ አየት አድርጋ "አንበሳው እሱ ነው እንዴ?" ብትለኝ ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ መርፌ ሰበርኩ።

የድሮዋ ተቆጣጣሪያችን የራሷን ሱቅ ልትከፍት ስትለቅ፣ አሠሪያችን ጠርቶኝ ቦታውን ለእኔ እንደሚሰጠኝ ነገረኝ። አላልኩትም እሺ። ትሪው ላይ አቀረብኩት። ተከራከሩበት፣ ቀለዱበት፣ በመጨረሻም "ከውጭ ሰው ከሚመጣብን አንቺ ብትሆኚ ይሻለናል" ተባለ። "ሹመት ያዳብር" አሉኝ፤ ጓደኛዬ ትልቅ ጉርሻ አፌ ውስጥ ጠቅጥቃ "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል፣ ብይ" አለችኝ። እንግዲህ ላኩኝ ማለት ነው። እነሱ ራሳቸው ናቸው የላኩኝ።

ሰኞ ሥራውን ጀመርኩ። ስድስት ሰዓት ሲሆን እንደ ልማዴ ምሳ ዕቃዬን ይዤ ወደ ጠረጴዛው ስጠጋ፣ ሁሉም ብድግ አሉ።

"ይቀመጡ፣ ይቀመጡ" አለች ጓደኛዬ።

ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። ማንም አልሳቀም። ቦታ ለቀቁልኝ፤ ያን ያህል ሰፊ ቦታ ትሪው ላይ ኖሮኝ አያውቅም። ወጡ ሁሉ ወደ እኔ ተገፋ። ስለ ዝናቡ ተወራ። ጨዋታ ለማምጣት ብሞክር "ልክ ነው"፣ "እውነትዎን ነው" ይሉኛል። እቴቴ እንኳ፣ ያጎረሱኝ እቴቴ፣ "እንጀራ ይጨመርልዎ?" አሉኝ። ጥላቻ እንዳልነበረ አውቃለሁ። አለቃ ፊት አለቃ አይታማም፣ ስለ ሥራም እንደ ልብ አይወራም፤ እኔም በፊት ለነበረችው ተቆጣጣሪ እንዲሁ ነበርኩ። በማግስቱ ምሳ ከመድረሱ በፊት አንድ ሰሃን ተከድኖ፣ ከየሰው ምሳ ዕቃ ደህና ደህናው ተመርጦ፣ በመስታወት ወደተከለለችው ቢሮዬ መጣልኝ። የእጅ መታጠቢያ ውሃም ጭምር። በአክብሮት ነው ያስወጡኝ፤ በዚያ ላይ ምን ተብሎ ይቆጣል? ሲሾም ያልበላ የሚሉት ተረት ለእኔ ተገልብጦ ሠራ፤ እኔ ስሾም ነው መብላት ያቆምኩት።

የቴሌግራም ግሩፓችንም በዚያው ሰሞን ጸጥ አለ። ሌላ ግሩፕ እንደከፈቱ ለማወቅ ጠንቋይ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ምሳ ላይ ሁሉም ባንዴ ስልካቸውን አይተው ሲስቁ በመስታወቱ አያለሁ፤ የእኔ ስልክ ዝም ብሎ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ታክሲ ሰልፍ ላይም ጓደኛዬ ከፊቴ ቆማ ዞር ትልና "ይለፉ፣ እርስዎ ይቅደሙ" ትለኛለች። አልቅደም እንጂ! ከኋላሽ ቆሜ ላውራሽ ማለት እንዴት ያቅታል? ግን አቃተኝ። ገብቼ መስኮት ጥግ ተቀመጥኩ።

ሚያዝያ እንደገባ አሠሪያችን ሁላችንንም ሰብስቦ አዲሱን ሐሳቡን አቀረበ። ከእንግዲህ ሸራው ይነሳል፤ እያንዳንዷ የራሷ ቅርጫት ይኖራታል፤ በወሩ ብዙ የሠራች የወሩ ምርጥ ሠራተኛ ትባላለች፤ ፎቶዋ በትልቁ ታትሞ ግድግዳው ላይ ይሰቀላል፤ ሽልማትም አለ፣ ፔርሙስ ወይ ብርድ ልብስ። የየቅርጫቱ ውጤት ደግሞ በየወሩ በሰሌዳ ላይ ይወጣል።

"ተስማማችሁ?" አለ።

"እሺ" አሉ ሁሉም።

ልቤ ወደ እቴቴ ሄደ። ሸራው ላይ ሲጣል የእሳቸው ማነስ አይታይም ነበር፤ አሁን ራቁቱን ሊወጣ ነው። አሠሪያችንን ለብቻው ሄጄ "ይህ ነገር ይቆየን" ብዬ ብነግረው፣ "አንቺ ደግሞ ለውጥ ትፈሪያለሽ" ብሎ ሳቀ። ወሩን ሙሉ ጨነቀኝ።

ወሩ አልቆ ቅርጫቶቹ ሲታዩ አንደኛ የወጡት ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? እቴቴ!

አሠሪያችን ደስታው ወሰን አጣ። "አየሽ? ሞቲቬሽን ማለት ይህ ነው። ልምድ ያለው ሰው ሲበረታታ!" አለኝ። ፎቶው ተሰቀለ፤ እቴቴ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ዓይናቸውን ካሜራው ካለበት ትንሽ ወደ ግራ አድርገው። እኔ ቅርጫታቸው ጋ ሄጄ ሸሚዞቹን አንድ በአንድ አነሳሁ። የኪሱን ጫፍ ደጋግማ መልሳ የምትሰፋው ጓደኛዬ ናት፤ ስንት ዓመት "ኪስ ነው ወይስ ካዝና?" እያልኩ ስቀልድባት ኖሬአለሁ። ቁልፉን ጠበቅ አድርጋ የምታስረው ደግሞ በቅርብ የወለደችው ናት። ቅርጫቱ ውስጥ የሌለች ሰው አልነበረችም።

ብቻዬን ሳቅኩ፤ እንዲያ ከሳቅኩ ቆይቶ ነበር። ወይ ጉድ፣ ሽልማቱን እቁብ አድርገውታል! የመጀመሪያውን ዕጣ ያለ ዕጣ ለትልቁ ሰጡ፣ እንደ ወጉ በምርቃት። በሚቀጥለው ወር ዕጣው ለወለደችው ወጣ፤ ሁሉም ቅርጫቷን ሞሉላት። በሰኔ ለሌላ። በየወሩ መጀመሪያ ምሳ ላይ እልልታ እሰማለሁ፤ ዕጣ ተጣለ ማለት ነው። ሰው ሊያፎካክራቸው መጥቶ እነሱ ተራ ገቡለት። እንዲህ ያለውን ነገር እኔ ሳልኖርበት መወሰናቸው ነው ያቃጠለኝ። ድሮ ቢሆን ሐሳቡን የማመጣው እኔ ነበርኩ። አንዲት ቃል ሹክ ያለኝ የለም። ሳቁን ጨርሼ ቢሮዬ ገብቼ በሩን ዘጋሁና አለቀስኩ፤ ምን ይደበቃል።

ሐምሌ ሲገባ ከሁሉም የደመቀ እልልታ ተሰማ፤ ዕጣው ለጓደኛዬ ወጥቶ ነው። ከሁሉም በላይ ለሰው ቅርጫት ስትሰፋ የከረመችው እሷ ናት። ከማሽን ማሽን እየተጯጯሁ ሲያወሩ ሰማሁ፤ እናቷ ለቡሄ ከጎጃም ሊመጡ ነው፣ ከተማ ገብታ ቀረች እያሉ ሲያዝኑባት የኖሩት እናቷ። "አምጥቼ ከፎቶዬ ሥር ነው የማቆማት" አለች። እውነቴን ነው፣ ቢሮዬ ውስጥ ሆኜ ደስ አለኝ።

በዚያው ሳምንት አሠሪያችን ሰሌዳው ፊት ጠራኝ።

"ተመልከቺ" አለኝ፣ በእስክሪብቶው እየነካካ። "እቴቴ ሚያዝያ ላይ አንደኛ። ግንቦት ላይ መጨረሻ። ሰኔ ላይ መጨረሻ። አቅም አንሷቸው ቢሆን ምንም አልልም ነበር፤ የአባቴ ጊዜ ሰው ናቸው። አቅም እንዳላቸው ግን አሳይተውናል። ሽልማቱን ወሰዱ፣ ተኙ። ይህ ዝም ከተባለ የሌላው ሞራል ይሞታል። በዚህ ወር መጨረሻ አሰናብታቸዋለሁ።"

እቁብ የሚያውቅ ሰው ይገባዋል፤ መጀመሪያ የወሰደ ሰው ከዚያ በኋላ መክፈል ብቻ ነው። እነሱ ያከበሯቸው መስሏቸው ከሁሉም ቀድሞ ሰጧቸው፤ ያ ክብር እሳቸውን ሰነፍ አስመሰላቸው። ሚያዝያ ላይ መጨረሻ ወጥተው ቢሆን ኖሮ ዓይናቸው ነው ይባል ነበር። እውነቱን ልንገረው? ብነግረው ሁሉም አጭበርባሪ ሊባሉ ነው። እቴቴም ከመጀመሪያውም እንዳልቻሉ ሲታወቅ ማሽናቸውን ሸፍነው ይወጣሉ፤ ያው መሰናበት ነው። "ትንሽ ጊዜ ይስጡኝ" ብዬ ወጣሁ።

በማግስቱ ሰሃኔ ሲመጣልኝ ክዳኑን ሳላነሳ ይዤው ወጣሁ። ጠረጴዛው ጋ ደረስኩና ትሪው ላይ ገለበጥኩት። ብድግ አሉ።

"በናታችሁ ተቀመጡ" አልኳቸው። "ስለ ቅርጫቱ ነው። የምታደርጉትን አውቃለሁ፤ ደግ አደረጋችሁ። ግን ይህን ወር አንዱን ቅርጫት ብቻ አትሙሉ። ሁሉም ይመጣጠን።"

ለምን እንደሆነ መናገር አልችልም። እቴቴ ፊት ለፊቴ እንጀራ እየቆረሱ ነው።

"የምን ቅርጫት ነው የሚሉት?" አለች ጓደኛዬ። "እኛ እያንዳንዳችን የየራሳችንን ነው የምንሰፋው።"

"ኧረ ተይኝ! ያንቺን ኪስ አላውቀውምና ነው?"

ድሮ ቢሆን ትሪው በሳቅ ይናወጥ ነበር። ሁሉም አንገቱን ደፋ። ጨርቅ ቆራጩ ጎረሰና "እሺ፣ እንዳሉት ይሆናል" አለ። "እሺ" አለች ቀጥሎ ያለችው። "እሺ" አሉ እቴቴም። ያን እሺ ስንት ዓመት እኔም ከእነሱ ጋር ስለው ኖሬአለሁ፤ ለእኔ ሲነገር የሰማሁት ግን ያን ቀን ነው። እጄን ታጥቤ ወደ ቢሮዬ ተመለስኩ። የጓደኛዬ ቅርጫት በማግስቱም፣ ከዚያ ወዲያም መሙላቱን ቀጠለ።

ጓደኛዬን ለብቻዋ ለማግኘት ደግሞ ሰልፉ ላይ ጠበቅኳት። "ስለ እቴቴ አንድ ነገር..." ብዬ ስጀምር፣ "ስለ እቴቴ ከሆነ ለራሳቸው ይንገሯቸው፤ እኔ ከቢሮ ወሬ አላመላልስም፣ ጎመን በጤና" አለችኝ። እዚያው ላስቆማት፣ ልጮህባት፣ ሁሉን ልነግራት ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ተውኩት። ለእሷ የተነገረ ነገር ለትሪው ተነገረ ማለት ነው፣ ትሪው ላይ የደረሰ ደግሞ እቴቴ ጆሮ ይገባል። የሰው ሸክም ሆነው እንደኖሩና ሊባረሩ እንደሆነ በሰሙበት ሰዓት ማሽናቸውን ሸፍነው ይወጣሉ፤ ያኔ ሽማግሌም አይመልሳቸውም። ያን ማታ ቤቴ ገብቼ ምንም አልበላሁም።

ሐምሌ ሳያልቅ አሠሪያችን ዘንድ ገባሁ። ባነሩን አሳየሁት።

"ይህን ለምን ሰቀሉት?" አልኩት። "ድር የሚያብረው አብሮ ሲፈተል ነው። እኛ በየወሩ አንድ ክር እየመዘዝን ግድግዳ ላይ እንለጥፋለን። የሥራውን ድምር ይዩት፤ ሲጨምር የሁላችንም ነው፣ ሲቀንስም የሁላችንም። ሽልማቱን ለሁሉም በአንድነት ያድርጉት። ቅርጫቱም ይነሳ፣ ሸራው ይመለስ። ለአንድ ሰው የሚሰቀል ፎቶ ይቅር።"

"እሺ፣ የእቴቴስ ነገር?"

"የእቴቴ የኔ ጥፋት ነው። ጥቁር ሰማያዊውን ጨርቅ በሙሉ ለእሳቸው የመደብኩት እኔ ነኝ፤ ስፌቱ ስለማይታይበት ለማንም ከባድ ነው።" ውሸቴን ነው። "ማጠፍና ማሸግ ላይ ያድርጉልኝ። እዚያ ሰው ያስፈልገናል።"

እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አደረገ። የጓደኛዬ ፎቶ በዓይኔ መጣብኝ፤ እናቷ ከሥሩ ቆመው። አንድ ወር ብቻ ቢቆይ! ግን የእቴቴም መሰናበቻ የዚያው ወር መጨረሻ ነው። ሁለቱን ማዳን አልቻልኩም።

"ጥሩ ሐሳብ ነው" አለ በመጨረሻ።

በማግስቱ ሁሉንም ሰበሰበ። ሰው ሲሠራ ዕውቅና መስጠት እንደሚገባ ስልጠናው ላይ ተምሮ የለ? ስለዚህ አጠገቡ አቁሞኝ እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ። "ይህ የኔ ሐሳብ አይደለም" አለ። "የወሩ ምርጥ ሠራተኛ እንዲቀር፣ ፎቶዎቹ እንዲወርዱ፣ እቴቴም ከማሽን ወደ ማሸጊያ እንዲዛወሩ ሐሳቡን ያመጣችው ተቆጣጣሪያችሁ ናት። አጨብጭቡላት!"

አጨበጨቡ። ጓደኛዬም አጨበጨበች፤ እያየችኝ፣ ዓይኗን ሳትነቅል።

"ተስማማችሁ?"

"እሺ።"

ዕጣው ሳይደርሰው እቁብ የፈረሰበት ሰው አፍራሹን ምን እንደሚለው የሚያውቅ ያውቀዋል። ከዚያ የከፋ ነውር በእኛ ዘንድ የለም። እነሱ ግን ሊሉኝ እንኳ አይችሉም፤ የለም ያሉኝን እቁብ እንዴት አፈረሽብን ይሉኛል? እኔም የለም ስለተባልኩት ነገር ምክንያት ላስረዳ አልችልም። ሁለታችንም ሆድ ይፍጀው ብለን ቁጭ አልን። ፎቶዎቹ ወረዱ፤ ሚስማሮቹ ቀሩ። ለቡሄ የጓደኛዬ እናት መጥተው ነበር። አዳራሹን አስጎበኘቻቸው፣ ማሽኗን አሳየቻቸው፣ ባዶውን ግድግዳ በፍጥነት አሳለፈቻቸው። ከመስታወቱ በስተጀርባ ሆኜ ጎንበስ ብዬ ሰላም አልኳቸው፤ ማን መሆኔን ሳትነግራቸው ወጡ።

ከስብሰባው ዕለት ጀምሮ ሰሃኑ ቀርቶ ነበር። የመጀመሪያው ቀን የረሱት መስሎኝ ጠበቅኩ። ከዚያ ከበሩ ወጣ ብላ ካለችው ሱቅ ዳቦ መግዛት ጀመርኩ። የሚገርመው፣ ያን የጠላሁትን ተለይቶ የሚመጣ ሰሃን ናፈቅኩት።

የጓደኛዬ እናት ወደ ጎጃም ከተመለሱ በኋላ ነው፣ አንድ ቀን ምሳ ላይ በሩ በቀስታ ተንኳኳ። እቴቴ ናቸው። አንድ እጃቸው የመስታወቱን ክልል እየዳሰሰ፣ በሌላው የተከደነ ሰሃን ይዘዋል። ተነስቼ ልቀበላቸው ስል በእጃቸው አገዱኝና ጠረጴዛውን ፈልገው አግኝተው ራሳቸው አስቀመጡት። ደህና ነበሩ፤ ወገባቸው ቀና ብሏል፣ ሥራቸው ላይ ናቸው፣ የልጅ ልጃቸውም ለመስከረም ትመዘገባለች። ይህን ሁሉ በልቤ ለካሁ።

አልተቀመጡም።

"ልጄ" አሉኝ። "ምን በደልንሽ?"

አንቺ አሉኝ። ከሹመቱ ወዲህ ማንም እዚያ ቤት አንቺ ብሎኝ አያውቅም።

"ምንም" አልኩ። "ምንም አልበደላችሁኝም፣ እቴቴ።"

"ታዲያ የዚያችን ልጅ ደስታ ምነው ነጠቅሽ? እኔንስ ከማሽኔ ምነው አነሳሽኝ? በእጄ ያስተማርኩሽ እኮ ነኝ። ቅር ያለሽ ነገር ቢኖር ትሪው ላይ መጥተሽ አትናገሪም ነበር?"

መጥቼ ነበር። ይህን ማለት አፌ ድረስ መጣ። ብናገር ግን ዓይናቸውን፣ መባረራቸውን፣ የሌላውን ሁሉ ምሕረት ባንድ ጊዜ ላወርድባቸው ነው። የሚጠብቁት መልስ እሳቸውን ከዚያ በር ይዟቸው ይወጣል። ጠረጴዛውን አየሁ፣ እጄን አየሁ።

"ይቅር ይበሉኝ" አልኩ።

"በይ ብይ፣ ሳይቀዘቅዝ" አሉ።

"አብረን እንብላ፣ እቴቴ። እዚህ ይቀመጡ።"

"እኔማ ልጆቹ ይጠብቁኛል" አሉ፣ መስታወቱን ዳስሰው ወጡ። ጠረጴዛው ጋ ሲደርሱ ጓደኛዬ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላቸው፤ አንዷ እጃቸውን ይዛ ትሪው ላይ አሳረፈችላቸው። የሆነ ነገር አሉና ሁሉም ሳቁ። እኔም ክዳኑን አንስቼ መብላት ጀመርኩ።